ቅጥሩን ሳትዞሩ አትስበኩ፦ ከነህምያ መጽሐፍ ስለ መታደስና ስለ መሪነት ስብከት ለማዘጋጀት

የፈረሰውን የኢየሩሳሌም ቅጥር መልሶ ያሠራው የነህምያ መጽሐፍ ብዙ ቦታ የሚሰበከው ሕንፃ ሲጀመር ነው። እኔም እንዲሁ አድርጌያለሁ። ከዓመታት በፊት ለአዳራሽ ማሠሪያ ገንዘብ ይሰበሰብ ነበርና ቃል እንዳካፍል ተጠየቅሁ። ምዕራፍ 2ን አነበብኩ። «ተነሥተን እንሥራ» ብዬ ጮኽኩ፤ ሰውም «አሜን» አለ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ አንዲት እናት በር ላይ ጠብቀው እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እኔ ማንበብ አልችልም፤ የልጅ ልጄ ናት የምታነብልኝ። እዚያው መጽሐፍ ላይ ሰዎቹ ዕዳ በዝቶባቸው ስለ ልጆቻቸው ያለቀሱበት አለ አይደል? እሱን ለምን ዘለልከው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ምዕራፍ 5ን ለስብከት ብዬ ከፍቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ይህን መጽሐፍ ደጋግሜ ሰብኬዋለሁ፤ አሠራሬም ተለውጧል። ከታች የምጽፈው ያንን አሠራር ነው። በሰንበት ቃል ለምታካፍሉ፣ ለሽማግሌዎች፣ ለወጣት መሪዎች ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ሙሉውን ለመሥራት ሦስት ወር ገደማ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ፦ መጽሐፉን በአንድ ቁጭታ አንብቡት

13 ምዕራፍ ነው። ስልካችሁን ዝጉና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡት። በሁለት ትርጉም ብታነቡት ይሻላል፤ አንዱ የ1954ቱ፣ ሌላው አዲሱ መደበኛ ትርጉም ይሁን። ከብዙ ምዕመናን እጅ የሚገኙት እነሱ ናቸው፤ እሁድ ዕለት እናንተ የምታነቡትና እነሱ የያዙት ሲለያይ አትደናገጡም።

ስታነቡ እስክርቢቶ ያዙ። ሦስት ነገር ላይ ምልክት አድርጉ፦ ነህምያ የጸለየበት፣ ነህምያ የተቆጣበት፣ ነህምያ ከራሱ ኪስ ያወጣበት። ሦስቱን ጎን ለጎን ስታዩ የሰውየው መሪነት ምን እንደሚመስል ይገባችኋል።

ጊዜውንም አስተውሉ። ነገሩ የሚጀምረው በንጉሡ በአርጤክስስ 20ኛ ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ445 ገደማ ነው። ኢየሩሳሌም በባቢሎናውያን ከፈረሰች ወደ 140 ዓመት ሆኗታል። ቤተ መቅደሱ ግን እንደገና ተሠርቶ ካለቀ 70 ዓመት አልፎታል። ይህችን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡባት። መሥዋዕቱ ይቀርብ ነበር። ካህናቱ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። በእኛ አነጋገር ኳየሩ ይዘምራል፣ ፕሮግራሙ ይሄዳል፣ መባው ይሰበሰባል። ቅጥሩ ግን ፈርሷል፤ በሮቹ ተቃጥለዋል፤ ሕዝቡ በመከራና በውርደት አለ። መታደስ የሚያስፈልገው አምልኮ ያቆመ ሕዝብ ብቻ አይደለም። እኔ በዚህ መጽሐፍ ላይ ስሰብክ ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚህ ነው፤ ሰሚው «ይህ ስለ እኛ ነው» የሚለው እዚህ ጋ ስለሆነ።

ቃሉን ምረጡ

«መታደስ»፣ «መነቃቃት»፣ «ሪቫይቫል»፣ «ተሐድሶ» ለሰሚ አንድ አይደሉም። «ተሐድሶ» በአገራችን የቆየ ክርክር የተሸከመ ቃል ነው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ላደገ ሰው ሌላ ነገር ያስታውሰዋል፤ ስብከታችሁ ሳይጀመር ሐሳቡ ወደዚያ ይሄዳል። «መነቃቃት» ደግሞ ለብዙዎቻችን የኮንፈረንስ ሳምንት ሆኗል። ሦስት ቀን ሞቆ በአራተኛው ይበርዳል። እኔ «መታደስ» የሚለውን እመርጣለሁ። ሮሜ 12፥2 ላይ ያለው እሱ ነው፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 4፥16ም የውስጡ ሰውነታችን ዕለት ዕለት እንደሚታደስ ይናገራል። ዕለት ዕለት የሚለው ለዚህ ተከታታይ ስብከት በጣም ያስፈልጋችኋል።

ከመዝሙረ ዳዊት የምትጠቅሱ ከሆነ ቁጥሩን አረጋግጡ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በአንዳንዱ እትም መዝሙር 22 ነው፤ በሌላው 23። ሰው በፍለጋ ላይ ሳለ እናንተ ሁለት ቁጥር አልፋችሁ ትሄዳላችሁ።

ቅጥሩን ዙሩ

ነህምያ ኢየሩሳሌም ደርሶ ሦስት ቀን ዝም አለ። ከዚያ በሌሊት ተነሣ። አብረውት የነበሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ከሚጋልባት በቀር ሌላ እንስሳ አልነበረም። በሸለቆው በር ወጣ፣ የጉድፍ መጣያውን በር አለፈ፣ ፍርስራሹ በዝቶ እንስሳዋ የምታልፍበት እስኪጠፋ ድረስ ሄደ። ለማንም አልተናገረም። «ኑ እንሥራ» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ያየውን ነበር የተናገረው።

እናንተም ከመስበካችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ለዚህ ስጡ። ስምንት ወይም አሥር ሰው ምረጡ፤ በየቤታቸው ወይም ቡና ላይ አግኟቸው። ሁልጊዜ የምታገኟቸውን ሰዎች አትምረጡ። አዳራሹን የሚያጸዱትን እናት፣ የግቢውን ጥበቃ፣ መባ የሚቆጥረውን ዲያቆን፣ ከኳየር የወጣችውን ልጅ፣ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ያልታየውን ሰው። ይህ የመጨረሻው ከባድ ነው። ግን የጉድፍ መጣያው በር ያለው እሱ ጋ ነው።

ጥያቄዎቹ ቀላል ይሁኑ። «እዚህ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ የሚያስደስትህ ምንድን ነው?» «ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚከብድህስ?» «መሪዎቹ የማያዩት ነገር ምን አለ?» ከዚያ ዝም በሉ። መልስ አትስጡ፤ አትከላከሉ፤ ጥቅስ አትጥቀሱ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳደርገው አፌን መያዝ አቅቶኝ ነበር። አንድ ወጣት ስለ ሽማግሌዎች ሲያማርር አቋርጬ አስረዳሁት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሰማኝ። ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልነገረኝም።

በውጭ አገር ላላችሁ ዙሩ ትንሽ ይለያል። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ሳይተኛ የሚመጣ ሰው አለ። አማርኛው ግማሽ ብቻ የሚገባው ልጅም አብሮት ተቀምጧል። አረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ያሉ እህቶች ደግሞ አምልኮውን በስልክ የሚከታተሉት አሠሪዎቻቸው ሲፈቅዱላቸው ነው። ደውሉላቸው። የእነሱን ቅጥር ከመድረክ ላይ ሆናችሁ አታዩትም።

አንድ ጥብቅ ነገር፦ የሰማችሁትን በስም አትጻፉት፤ በምሳሌ አስመስላችሁም መድረክ ላይ አታውጡት። «አንዲት እህት እንዲህ አለችኝ» ብላችሁ ስትጀምሩ በ100 ሰው ጉባኤ ውስጥ ማን እንደሆነች ሰው ያውቃታል። (እኔ መግቢያው ላይ ያነሳኋቸውን እናት አስፈቅጃለሁ።) የሰማችሁት ለጸሎታችሁና ለምርጫችሁ ነው።

ስለ ጸሎት ካነሳን፣ ነህምያ ወሬውን የሰማው በካሴሉ ወር ነው፤ በእኛ ኅዳር ታኅሣሥ ገደማ። ከንጉሡ ጋር የተነጋገረው በኒሳን ነው፤ መጋቢት ሚያዝያ ላይ። አራት ወር ያህል ማለት ነው። በጸሎቱ ውስጥ ስለ ሕዝቡ ኃጢአት ሲናዘዝ እኔም የአባቴም ቤት በድለናል ብሏል። እሱ ሱሳ ቤተ መንግሥት ውስጥ የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነበር፤ ቅጥሩን ያፈረሰው እሱ አይደለም። ግን «እነሱ» አላለም። ከዙሩ ስትመለሱ ያገኛችሁትን ጉድለት አንድ በአንድ ጻፉና በእያንዳንዱ ፊት «እኔ በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ አለኝ?» ብላችሁ መልሱ። ይህን ወረቀት ለማንም ማሳየት አያስፈልግም። ያለ እሱ ግን የምትሰብኩት ስብከት ወቀሳ ይሆናል፤ ሰውም ወቀሳን በደንብ ይለያል።

እሁዶቹን ከፋፍሉ

እኔ በአምስት እሁድ ነው የምጨርሰው። የመጀመሪያው ምዕራፍ 1ና 2፣ ሁለተኛው 3ና 4፣ ሦስተኛው 5 ብቻውን፣ አራተኛው 6፣ አምስተኛው 8። ምዕራፍ 13ን ለኋላ አቆየዋለሁ፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ከተቻለ ነሐሴ ላይ ጀምሩ። ቅጥሩ ያለቀው በ52 ቀን ነው፤ ከዐቢይ ጾም ባነሰ ጊዜ። ቀኑም ኤሉል 25 ነው፤ ኤሉል በአይሁድ አቆጣጠር ስድስተኛው ወር ነው። ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በሰባተኛው ወር በመጀመሪያው ቀን፣ ሕዝቡ በውኃው በር አደባባይ ተሰብስቦ ሕጉ ሲነበብ ሰማ። ያ ወር ከመስከረማችን ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ የምዕራፍ 8 ስብከት እንቁጣጣሽ አካባቢ ይውላል፤ ሰውም አዲስ ዓመት ላይ ልቡ ክፍት ነው።

ምዕራፍ 3ን «የስም ዝርዝር ነው» ብላችሁ አትዝለሉት። እዚያ ውስጥ ወርቅ አንጥረኛ አለ፣ ሽቶ ቀማሚ አለ፣ ሊቀ ካህናቱም ከወንድሞቹ ጋር የበጉን በር ይሠራል። ሰሎም የሚባል ሹም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠርቷል፤ ቁጥር 12 ላይ ነው። ብዙዎቹ በየቤታቸው አንጻር ያለውን ቅጥር ነው የጠገኑት። ቁጥር 5 ላይ የቴቁሐ መኳንንት ለሥራው አንገታቸውን አላዋረዱም ይላል። ቁጥር 27 ላይ ደግሞ የቴቁሐ ሰዎች ሁለተኛ ክፍል ሠርተው ይገኛሉ። መኳንንቱ እምቢ ሲሉ ተራው ሰው እጥፍ ሠራ። የቤተ ክርስቲያን ሥራ ማን ጫንቃ ላይ እንዳለ ለሚያውቅ ጉባኤ ይህ ሲነበብ የሚሆነውን ታያላችሁ።

የአንድ ሳምንት ሥራ፦ ምዕራፍ 5ን እንውሰድ

ሰኞ ክፍሉን አምስት ጊዜ አንብቡ፤ አንዴ ድምፅ አውጥታችሁ። የጩኸቱን ዓይነት ለዩ። አንዱ ቡድን ቤተሰባችን በዝቷል፣ እህል ይሰጠን ይላል። ሌላው እርሻውንና ቤቱን አስይዞ እህል ገዝቷል። ሦስተኛው ለንጉሡ ግብር ተበድሯል። ልጆቻቸው ለባርነት ይሄዳሉ። አበዳሪዎቹ ደግሞ ባዕዳን አይደሉም፤ ወንድሞቻቸው ናቸው። የቅጥሩን ሥራ የሚቃወሙት ሰንባላጥና ጦብያ ከውጭ ሲዝቱ አብረው ጦር ይዘው የቆሙት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ማክሰኞ ነህምያ ያደረገውን በቅደም ተከተል ጻፉ። ተቆጣ። ግን ወዲያው አልተናገረም፤ በልቡ መከረ። ቀጥሎ ባለጠጎቹን ገሠጸ፤ ትልቅ ጉባኤም ጠራ። ቁጥር 10 ላይ እኔም ወንድሞቼም ብላቴኖቼም አበድረናል፣ ይህን እንተው አለ። እርሻቸውን፣ ቤታቸውን፣ የተወሰደውን ወለድ ዛሬውኑ መልሱላቸው አለ። ካህናቱን ጠርቶ አስማላቸው። የልብሱን ዘርፍ አራገፈ። እንግዲህ «ዛሬውኑ» የሚለውን ቃል አስምሩበት። «በጌታ ፈቃድ እናስብበታለን» አላለም።

ከዚያ ስለ ራሱ የሚናገረው ይመጣል። በአገረ ገዥነት 12 ዓመት ሲቀመጥ ለሹመቱ የሚገባውን ቀለብ አልበላም። ከእሱ በፊት የነበሩት ከእህሉና ከወይኑ ሌላ 40 ሰቅል ብር ይወስዱ ነበር። እሱ ግን በየቀኑ 150 ሰው በማዕዱ ይመግብ ነበር። መብቱን የተወው ሸክሙ በሕዝቡ ላይ ስለከበደ ነው። መጽሐፉ ስለ መሪነት ከሚነግረን ሁሉ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

ረቡዕ መልእክቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የእኔ እንዲህ ነበር፦ «እግዚአብሔር ሕዝቡን ሲያድስ የብድር መዝገቡን አይዘልም፤ መሪውም መጀመሪያ የራሱን መዝገብ ይከፍታል።» ይህን ለትዳር ጓደኛችሁ ወይም ለጎረቤት ንገሩ። ካልገባቸው ገና አልበሰለም። ሦስት ዓረፍተ ነገር የሚያስፈልገው ከሆነ ሦስት ስብከት ይዛችኋል ማለት ነው፤ አንዱን ምረጡ።

ሐሙስ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀመጡ። ይህን ቀን እባካችሁ አትዝለሉት። ምዕራፍ 5ን ሰብካችሁ የጥበቃው ሠራተኛ ደመወዝ ሁለት ወር ያልተከፈለው ከሆነ ቃሉን ታሰድባላችሁ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያናችን ለማን ዕዳ አለባት? ከመካከላችን በአራጣ የሚያበድር አለ? በምእመናን መካከል በዕቁብ ወይም በብድር የተቀያየመ አለ? ሰው ጭንቅ ሲይዘው ለማን ይናገራል? አንድ ጊዜ እንዲህ ስንነጋገር አንድ ሽማግሌ ለረጅም ሰዓት ዝም ካሉ በኋላ «እኔ የማስከፍለው አለ፤ ከእሁድ በፊት እጨርሰዋለሁ» አሉ። ጨረሱትም። ያን እሁድ ከሰበክሁት ሁሉ ይበልጥ ያ ነበር።

አበዳሪ የሆነ ሰው እንዳለ ብታውቁ ግን ከመድረክ አትንኩት። ነህምያ መጀመሪያ ራሱን ነው የከሰሰው። በግል ሂዱ። ቤተ ክርስቲያን የሁሉንም ዕዳ ትከፍላለች ብላችሁም ቃል አትግቡ። የምትችሉትን ብቻ አዘጋጁ፦ በዕዳ የተጨነቀ ሰው በምስጢር የሚያናግራቸው ሁለት የታመኑ ሰዎች፣ የሚገኙበት ቀንና ሰዓት። በስብከቱ መጨረሻ የምታስታውቁት ይህንን ይሆናል።

ዓርብ ጻፉት። ሙሉውን ለመጻፍ የማይመቻችሁ ከሆነ መግቢያውን፣ መሸጋገሪያዎቹንና መጨረሻውን ብቻ ሙሉ በሙሉ ጻፉ። የምንንዛዛው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው። ቅዳሜ አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡትና ተኙ።

ምሳሌ ከቤታችሁ አምጡ

ከውጭ አገር ሰባኪ የተቀዳ ታሪክ ሰው ይሰማል፣ ይረሳልም። የራሳችን ታሪክ አለን። ደርግ በ1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ ምእመኑ 5,000 ገደማ ነበር። አዳራሾቹ ተወሰዱ፣ መሪዎች ታሰሩ። ሰዎቹ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው ይገናኙ ጀመር። ሴቶች ትልቁን ሥራ ያዙ። ሥርዓቱ ወድቆ በይፋ ሲወጡ ወደ 34,000 ደርሰው ነበር። ይህ ለምዕራፍ 3 ይሆናል፤ እያንዳንዱ በቤቱ አንጻር ሲሠራ ማለት ይህ ነውና።

ለምዕራፍ 6 ደግሞ ቄስ ጉዲና ቱምሳን አስባለሁ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተመቻችቶላቸው መንጋቸውን ትተው አልሄዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። ነህምያ 6፥11 ላይ እንደ እኔ ያለ ሰው ይሸሻል ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታቆሙ ብዙ ማብራራት አይጠበቅባችሁም።

ግን ስትነግሩት ጥንቃቄ ይኑር። ከፊታችሁ ከተቀመጡት ውስጥ በዚያ ዘመን በሱዳን በኩል የተሰደዱ፣ በእግራቸው በረሃ ያቋረጡ ሰዎች አሉ። በተለይ በውጭ አገር ቤተ ክርስቲያን። «የቀረው ጀግና፣ የሄደው ፈሪ» የሚመስል ነገር ከአፋችሁ ከወጣ የቆየ ቁስል ትነካላችሁ። ጌታም ሕፃን ሳለ ወደ ግብፅ ተሰድዷል። ነህምያ የተጠየቀው ሥራውን እንዲጥል ነበር፤ ጥያቄው እሱ ነው።

እሁድ

ክፍሉን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ምዕራፍ 8 ላይ ዕዝራና ሌዋውያኑ ያደረጉት ይኸው ነው፦ አነበቡ፣ ትርጉሙን አስረዱ፣ ሕዝቡ አስተዋለ። ከማለዳ እስከ ቀትር ቆመው ሰሙ። እናንተ ግን 35 ደቂቃ ይበቃችኋል። «አሜን በሉ» እያላችሁ ጊዜ አትሙሉ፤ ቃሉ ከገባው ሳይጠየቅ ይላል። ዝም ካለም ዝምታውን አትፍሩት። ምዕራፍ 5 ላይ ባለጠጎቹ የሚመልሱት አጥተው ዝም ብለዋል፤ ሥራው የተጀመረው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ሰው ሲያለቅስ አታባብሱ። ዕዝራና ነህምያ ሕዝቡ ሲያለቅስ አትዘኑ፣ የእግዚአብሔር ደስታ ኃይላችሁ ነው አሉ። ብሉ፣ ጠጡ፣ ላልተዘጋጀለትም ድርሻ ላኩ አሉ። የምዕራፍ 8 እሁድ ካለቀ በኋላ አብራችሁ ብሉ። እንጀራውን ሴቶች ብቻ ይዘው እንዳይመጡ ሥራውን አስቀድማችሁ ከፋፍሉ። ከተረፈው ሳይሆን ከተሠራው ቀድማችሁ አንሡና መምጣት ላልቻሉት ላኩ። ያንን ከቤተ ክርስቲያን የቀረ ሰው ከዙራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ለእሱም ይድረሰው።

ከስድስት ወር በኋላ

አሁን ወደ ምዕራፍ 13። ነህምያ ወደ ንጉሡ ተመልሶ ነበር። ከጊዜ በኋላ ፈቃድ ጠይቆ ሲመጣ ያገኘውን ታውቃላችሁ። ጦብያ፣ ያ ሲሳለቅ የነበረው፣ በእግዚአብሔር ቤት አደባባይ ጓዳ ተሰጥቶት ተቀምጧል። ቀድሞ ቁርባኑና አሥራቱ የሚቀመጥበት ጓዳ ነበር። ሌዋውያኑ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው አገልግሎቱን ትተው ወደ እርሻቸው ሄደዋል። ነህምያ የጦብያን ዕቃ ወደ ውጭ ጣለ፤ ጓዳውን አነጻ፤ የታመኑ ሰዎችን በዕቃ ቤቱ ላይ ሾመ።

ይህን ክፍል ከተከታታዩ ጋር አጣብቃችሁ ከሰበካችሁት ማስፈራሪያ ይመስላል። ከስድስት ወር በኋላ ከሰበካችሁት ግን ምርመራ ይሆናል። እንቁጣጣሽ ላይ ከጨረሳችሁ መጋቢት ላይ አንድ እሁድ አሁኑኑ ያዙ፤ በፕሮግራም ደብተሩ ላይ አስጽፉት። ያ እሁድ ከመድረሱ አንድ ሳምንት በፊት ያነጋገራችኋቸውን ሰዎች በድጋሚ አግኙ። ጥያቄዎቹ ያው ናቸው። ሁለቱን የታመኑ ሰዎች ስንት ሰው እንዳናገራቸው ጠይቁ፤ ስም አትጠይቁ። የጥበቃውን ደመወዝ እዩ። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆናችሁ የዕቃ ቤቱን በር ክፈቱና ውስጡ ማን እንዳለ ተመልከቱ።